ሻንሲው ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ

አውቶቡስ ተራ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሌሊቱ ነው። ብርዱ፣ እናት የቋጠረችው ስንቅ፣ የየከተማውን ስም እየጠሩ የሚጮሁት ልጆች፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው ሞተር። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን አውቶቡሶቹ ከወጡ በኋላ ስላለው አውቶቡስ ተራ ነው። ረፋድ ላይ በዙሪያው ወዳሉት ቅያሶች ጎራ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ በዘይት ጠቁሯል። አንዱ መኪና ስር ገብቶ ሁለት እግሩ ብቻ ይታያል። ሌላው የተፈታ ካምቢዮ በቤንዚን ያጥባል። ሦስተኛው ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥሎ ሻዩን ይጠጣል።

"አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ወሰደሽ?" አትሉኝም? የወሰደኝ የአባዬ ቮልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ባለፈው ዓመት ቮልሷን ለዓመታዊ ምርመራ ወስዷት ያለ ቦሎ ተመለሰ። የከለከሉት ለፍሬን ወይም ለመብራት ብለው ቢሆን ባልገረመን። አንድ ወጣት መርማሪ ጎንበስ ብሎ፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት ስር ያለውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ አነበበው። ከዚያ ሊብሬውን አየ። ከዚያ አባዬን አየ። "አባት፣ ይኼ ሞተር የዚህ መኪና አይደለም" አለው።

አባዬ አልዋሸም። "አዎ፣ አይደለም። ከ30 ዓመት በፊት ነው የቀየርኩት" አለ። "ታዲያ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ያምጡ" ተባለ።

እንግዲህ ከ30 ዓመት በፊት ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ሞተር ደረሰኝ ፍለጋ ነው አውቶቡስ ተራ የከተትኩት። ደረሰኝ ፍለጋ የጀመርኩት ነገር የከተማችንን ታሪክ እያስጎለጎለኝ ሄደ። እስኪ እናንተም አብራችሁኝ ዝለቁ።

ጣልያንኛ የሚናገር ሞተር

ሞተሩን የቀየሩት ባለሙያ አሁንም አሉ። እርጅና ቢጫናቸውም መፍቻ ከእጃቸው አልወረደም። የሻንሲ ቁጥሩን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው የኋላውን ወንበር አንስተው "ይኸውልሽ ልጄ" አሉኝ። መኪናዋ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. የተሠራች 1200 ነበረች። ኋላ ያለው ሞተር ግን 1600 ነው። ሊብሬው ስለ ሻንሲው እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ሞተሩ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሲዋሽ ኖሯል።

ሰውዬው ሥራውን ሲያስረዱኝ ጆሮዬ ሌላ ነገር ያዘ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ፣ ስፖኪዮ። መንግሥት የሚሰጠን ነገር እንኳ ታርጋና ቦሎ ነው። ጣልያን ተሸንፎ ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ ሞተር የፈታችሁ ቀን ግን ሁሉም ነገር ጣልያንኛ ያወራል።

መኪና ወደዚህ አገር የገባው ግን ከጣልያን ወረራ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለች መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አምጥቶ ነበር። ያኔ ግን መኪና የቤተ መንግሥት ጉድ ነበረች። ጋራዥና መካኒክ በብዛት የመጡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት የወረራ ዓመታት ነው። ፋሺስቶቹ ለጦራቸው መንገድ ቀደዱ፤ በመንገዱም ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪና አጎረፉ። ያን ጊዜ ነው የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው "የአገሬው ገበያ" ብለው የከለሉት። መርካቶ የሚለው ስምም የተረፈን ከዚያ ነው፤ ትርጉሙ ገበያ ማለት ነው።

ወራሪው ሲወጣ መኪናው፣ ስሙና ሙያው ቀረ። መርካቶ ደግሞ እንደ ልማዷ ሁሉንም በየተራው ደረደረችው። ሚስማሩ ሚስማር ተራ፣ ቆርቆሮው ቆርቆሮ ተራ፣ ያገለገለው ብረት ምናለሽ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫው ሶማሌ ተራ። (የተሰረቀባችሁን ስፖኪዮ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መልሳችሁ ትገዙታላችሁ የሚለውን ቀልድ ያልሰማ አለ?) የአውቶቡስ ተራው ረድፍ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ሲመጣ ስሙን ለጣቢያ እስከማውረስ ደረሰ። እናም አሮጌ መኪና ያለው ሰው ችግሩን ይዞ ወደዚህ ይመጣል። የመኪናው አካል ያለው አንድ ቦታ፣ ልብ የሚገኘው ሁለት ሰፈር ተሻግሮ ነው።

እንጦጦ የሚበላው ጉልበት

"ግን ለምን ቀየራችሁት? አሮጌውን ማደስ አይሻልም ነበር?" ብዬ ጠየቅኩ። ባለሙያው ሳቁ። "የኔ ልጅ፣ 1200 እዚህ አገር ሲደርስ 1200 አይደለም" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ልክ ናቸው። ሞተር የሚኖረው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ በአየርም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ትቀመጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። እንደ ቮልስ ያለ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። የ1957ቷ 1200 ከፋብሪካ ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ስትደርስ የሚተርፋት 26 ገደማ ነው። 1600ው ግን በባሕር ወለል 50 ነው፤ እዚህ ወደ 38 ይወርዳል።

ቁጥሮቹን እስኪ ደግማችሁ እዩዋቸው። አባዬ ትልቅ ሞተር ሲያስገባ ያገኘው ነገር፣ አንድ ጀርመናዊ ሐምቡርግ ላይ በትንሿ ሞተር ከሚያገኘው ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ተራራው የወሰደውን ነው ያስመለሰው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስትወጣ ከኋላዋ ጡሩንባ የማይነፋባት ቮልስ ነበር የፈለገው።

ቮልስ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነች ማለት ይቻላል። 1200ው፣ 1300ው፣ 1500ውና 1600ው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ውሃ የለውም፣ ራዲያተር የለውም፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። መኪናዋን ከኋላ ከፍ ማድረግ፣ ሽቦዎቹንና የነዳጅ ጎማውን መንቀል፣ አራቱን ብሎን መፍታት፣ ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ስቦ ማውረድ ነው። ለለመደ ሰው የአንድ ረፋድ ሥራ ናት።

ጣጣ የለውም ማለት ግን አይደለም። የአባዬዋ በ6 ቮልት የምትሠራ ነበረች፤ 1600ው ደግሞ የ12 ቮልት ነው። የትልቁ ሞተር ቮላኖ ሰፋ ያለ በመሆኑ ካምቢዮው ውስጥ አልገባ አለ፤ ሞተሪኖውም ከጥርሱ ጋር አልገጠመም። ባለሙያው የካምቢዮውን የውስጥ ጠርዝ በሞረድ ሞርደው፣ ሞተሪኖውን ቀይረው፣ አምፖሎቹን በሙሉ ወደ 12 አዙረው ነው ያስነሷት። "ሦስት ቀን አምሽቼባታለሁ" ይላሉ እስካሁን፣ ልጅ እንዳሳደገ ሰው።

እሽቅድድም የገቡት ዘመዶቿ

ይኼን ስሰማ ትዝ ያለኝ የሌላው ዓለም የሞተር ቅየራ ታሪክ ነው። እኛ ለኑሮ ያደረግነውን እነሱ ለውድድር አድርገውት ዝናና ገንዘብ አትርፈውበታል።

ፖርሽን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 ከቮልስ ዕቃ የተሠራች ነበረች፤ ሞተሯም ተሻሽሎ የተስተካከለ የቮልስ ሞተር፣ 1,131 ሲሲ። ከዚያ በኋላ ታሪኳ ሞተር የማሳደግ ታሪክ ነው፤ 1300፣ 1500፣ 1600 እያለች ወጣች። ዛሬ በውድ ዋጋ የምትሸጠው የስፖርት መኪና ከአባዬ ቮልስ ጋር በአያት ትገናኛለች ማለት ነው።

ስድስት መቶንስ? አዎ፣ ታላላቆቻችን በታክሲነት የሚያስታውሷት ፊያት 600። እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ 633 ሲሲ ነበረች። ቪየና ተወልዶ ቱሪን የከተመው ካርሎ አባርት ይህቺን የቤተሰብ መኪና ወስዶ በ1956 ሞተሯን ወደ 747 ሲሲ አሳደገው፤ ኋላም ወደ 850፣ ወደ 1000። ጊንጥ የተለጠፈባት ያቺ ትንሽ መኪና የአውሮፓን ትላልቅ መኪኖች በውድድር ስታስለቅስ ኖረች። ሞተሯ ከመጋሉ የተነሳ የኋላ ክዳኗን ከፍተው ነበር የሚነዷት። እኛ ከተማ ደግሞ ያቺው ስድስት መቶ ተሳፋሪ ጭና ዳገት ለመውጣት ታቃስት ነበር።

ትልቁ የሞተር ቅየራ ወሬ ግን የኮብራ ነው። ኤሲ የተባለ የእንግሊዝ ፋብሪካ ኤስ የምትባል ቀላል የስፖርት መኪና ነበረችው። ሞተር የሚያቀርብለት ድርጅት ማምረት ሲያቆምበት፣ ካሮል ሸልቢ የሚባል አሜሪካዊ የቀድሞ ተወዳዳሪ "የፎርድ ቪ8 እናስገባባት" አለ። በ1962 4.2 ሊትሩ ገባ። አልበቃውም። በ1965 7 ሊትሩን አስገባ። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጀምረው፤ 7 ሊትሩ ሲገባ ሻንሲው አልቻለም። የሻንሲውን ዋና ቧንቧዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ማወፈር፣ የታች እግሩንም ከባሌስትራ ወደ ሞላ መቀየር ግድ ሆነ። ልቡን ሲያሳድጉ አጥንቱን ማሳደግ ነበረባቸው።

ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሲሲ እና መንግሥት

ሞተር ትልቅ መሆኑ ጌጥ ነው ወይስ ግዴታ? በዚህ ጥያቄ ላይ የአዲስ አበባ ሰው እና መንግሥት ተግባብተው አያውቁም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. በዓለም ላይ በመጣው የነዳጅ ቀውስ ሳቢያ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር፣ የከተማዋ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። ታሪፍ መጨመር አልተፈቀደላቸውም ነበርና ጭማሪው ከኪሳቸው ሊወጣ ነው። በዚያው ቀን መምህራንም አደሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ከቀናት በኋላ የነዳጁን ዋጋ ቀነስ አደረጉ፤ ነገሩ ግን ከእጅ አምልጦ ነበር። የዘውዱን ፍጻሜ ስናወራ ወታደሩንና ተማሪውን እናነሳለን። ከ1 ሊትር ያነሰ ሞተር ይዞ ሊትር እየቆጠረ የሚያድረውን ታክሲ ነጂም ብናስታውሰው መልካም ነው።

ከዚያ በ1995 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መጣ። አዋጁ የቤት መኪናን በሲሲ መደበው፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በሕጉ ዓይን ሞተር ሲያድግ ቅንጦት ያድጋል። ቪትዝ ለምን ከተማውን እንደሞላው የገረማችሁ ካላችሁ፣ አንዱ መልስ እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። የአባዬ ቮልስ በአንድ ሳምንት ሥራ ከ30ው መደብ ወደ 60ው ተሻግራለች፤ ደግነቱ አዋጁ ገና አልተወለደም ነበር። ተራራው ሩቡን እንደሚወስድባት የሚያውቅ ሠንጠረዥ ግን እስካሁን አላየሁም።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጥቶ በቆዩ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ ሰቀለው። ሐሳቡ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው። የገቡት ግን አልወጡም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። ወደ ኤሌክትሪክ መሄዱን አልቃወምም፤ ሳንባዬ ራሱ ይደግፈዋል። ነገር ግን አዲስ ቤንዚን መኪና የማይገባበት ከተማ ውስጥ ያለው ቤንዚን መኪና የሚኖረው እየተጠገነ ነው። ጥገናው ደግሞ እዚህ፣ አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ነው።

የእኛ ትውልድም ከዚህ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሰው ዲኤክስ የሚላትን አሮጌ ኮሮላ የሚወዱ እኩዮቼን አውቃለሁ። በእሷ የተሠራው የቶዮታ ኬ ሞተር ዘርም እንደ ቮልስ ነው፤ 4ኬው 1,290 ሲሲ፣ 5ኬው 1,486፣ 7ኬው 1,781። ትንሹን አውርዶ ትልቁን መስቀል ያስጎመጃል። "አገሳች!" ይላሉ ሞተሯ ሲነሳ። እኔም ድምፁን እወደዋለሁ። ጥያቄዬ ግን አንድ ነው፤ ፍሬኗስ?

ሰባት ሰው ጭና እንጦጦ

አሁን ወደ ኮብራ ነጥቤ ልመለስ።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባዬ እኛን ቤተሰቡን፣ አክስቴንና ሁለት ልጆቿን ጨምሮ ሰባት ሰው ቮልሷ ውስጥ ጠቅጥቆ እንጦጦ ማርያም ወሰደን። ስንወጣ ቮልሷ እያገሳች ወጣች፤ አባዬም ኩራቱ ለጉድ ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱ መሃል ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። አባዬ ፍሬን ረገጠ። እግሩ ወረደ፤ መኪናዋ ግን አልዘገየችም። ማርሽ ወደ አንድ መለሰ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ጠርዙን ተጠግቶ የድንጋይ ክምር ላይ አሳረፋት። ማንም አልተጎዳም። እናቴ ግን ለረጅም ጊዜ ከዚያች መኪና የፊት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም።

ለባለሙያው ይኼን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ቁልቁለት ላይ ጥፋቱ የሞተሩ አይመስልሽም፣ አይደል?" አሉኝ። እውነት ነው፤ አይመስለኝም ነበር። "1200 ብትሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ሰባት ሰው ይዛ እንጦጦ አትወጣም ነበር" አሉ።

ገባኝ። ትንሽ ሞተር አቅማችሁን ይነግራችኋል፤ "አልችልም" ይላል። ትልቁን ስታስገቡ ያ ድምፅ ይጠፋል። ፍሬኗ ግን የድሮው ነው፤ ለ34 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ከበሮ፣ ከጋለ የማይይዝ። ጀርመኖቹ ራሳቸው ይኼን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ባለ 1500ዋን ሲያወጡ ለአውሮፓ ገበያ የፊት ፍሬኗን ዲስክ አደረጉት። በ1970 ባለ 50 የፈረስ ጉልበቷ 1302 ኤስ ስትመጣም የፊቷ ዲስክ ነበር። እኛ የገዛነው ሞተሩን ብቻ ነው። ፍሬኑ ሶማሌ ተራ አልነበረም ወይም ነበረ፤ አባዬ ግን "ለሞተሩ የከፈልኩት ይበቃል" ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ምርመራውን ላማርር የነበርኩት ሴትዮ ትንሽ አፈርኩ። ያ መርማሪ ልጅ ያስቸገረን ስለ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ግን እውነት ይናገር ነበር። መኪናዋ ወረቀቷ ላይ ያለችው መኪና አይደለችም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ቁጥሩን ያነበበው ሰው ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል አልጠየቀም። "ሞተሩ የማን ነው?" ተብሎ ተጠየቀ እንጂ "ሞተሩን ያህል የሚያቆም ነገር አላት ወይ?" አልተባለም።

ደረሰኙ ተገኘ። እናቴ ናት ያገኘችው፤ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከክትባት ካርዶቻችን ስር። በሰማያዊ እስክሪብቶ "አንድ ሞተር፣ 1600፣ ያገለገለ" ይላል፤ ኅዳር 1984 ዓ.ም.። ወረቀቱን ይዘን ሄድን፣ ተመላለስን፣ ሊብሬው ታረመ። ቮልሷ ከ30 ዓመት በላይ በኋላ በስሟ መጠራት ጀመረች።

ከዚያ አባዬ ቁልፉን ሊቀበል አውቶቡስ ተራ ሄደ። ባለሙያው አልሰጡትም። ከተጋጨች ቮልስ የተፈታ ሙሉ የፊት እግር፣ ከነዲስኩ፣ ግድግዳው ጋ አስደግፈው አስቀምጠዋል።

"ስንት ነው?" አለ አባዬ።

"ዋጋውን ኋላ እንነጋገራለን፤ ያኔ ማስገባት ነበረብኝ" አሉት።

አባዬ ተከራከረ፣ ተቆጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተስማማ። እናቴም ባለፈው እሁድ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

እናንተም ዲኤክሳችሁ "አገሳች" ስትሉ፣ እስኪ ጎንበስ ብላችሁ ፊት እግሯን እዩልኝ። ቸር እንሰንብት።